ቀይዋ ጊታርና ቁርጧ

ተረት ተረት!

«የላም በረት» ያላችሁ ተነሱና ውጡ። በዚህ ሙቀት ድሬዳዋ መሃል ላም ማን ያስራል? የኛ ሰፈር የፍየል ነው። እንደገና። ተረት ተረት! «የፍየል በረት!» እንዲህ ነው እንጂ አቦ። ፍየሏን አትርሷት፣ ትመጣለች።

ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ማዶ ቤዛ የምትባል ሙሽራ ነበረች። ሰርጓ እሑድ ነው። ይቺ ልጅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወርቅ አላለች፣ ሊሞዚን አላለች። እሑድ ሙሽራ ሆና ከቤት ስትወጣ አባቷ በቀይዋ ጊታር እየተጫወተ እንዲሸኛት ነው የፈለገችው። በቃ፣ ይኸው ነው።

አባቷ ጋሽ ኢሳያስ በጎረምሳነቱ ሆቴል ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቀይ፣ ደረቷ ላይ ነጭ ሳህን ያላት። ከተማው ሁሉ ልጁን ሲድር እሱ ይመታል። ቤዛ ትንሽ ሆና «አባዬ፣ ሁልጊዜ ለሰው ልጅ ብቻ ነው እንዴ?» ስትለው፣ «ያንቺ ለት ማንንም አልጠራም፣ ራሴ ነኝ፣ በዚችው» ብሏት ነበር።

ይኸው ቀኗ ተቃረበ። ጋሽ ኢሳያስ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ሳበ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ጊታሯን ከማጉያው ጋር አገናኘ፣ ክሯን መታ። ዝም። ደግሞ መታ። ዝም። ሰውዬው ጊታሯን መልሶ አስተኛት፣ ክዳኑን ዘጋ፣ ፊቱንም አብሮ ዘጋ። ከምሳ በኋላ ጓደኞቹ እንደ ልማዳቸው ጫታቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ለበርጫ ቢመጡ፣ «ጊታር ሳይጮህ እዚህ ቤት ሰው አይቀመጥም!» ብሎ በሩን ጠረቀመባቸው። በነጋታውም እንደዚያው። አስቡት፣ የድሬ ሰው ከሰዓት በኋላ ቆሞ ሲውል!

በሦስተኛው ቀን ቤዛ አልቻለችም። ሳጥኑን አንጠልጥላ ወጣች። እናቷ ከኋላዋ «ኧረ ሙሽራ ከቤት አይወጣም! ዓይን ይበላሻል!» እያለች ጮኸች። ማን ሰምቷት! ሙሽራው ይድነቃቸው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሞተሩን አስነስቶ በር ላይ ጠበቃት፣ ሰው እንዳያያት ነጠላ አከናነባት፣ ወደ ሙክታር ሙዚቃ ቤት ከነፉ።

ሙክታር ጊታሯን ፈታትቶ አየ። «ፒካፗ ሞታለች» አለ።

«ፒካፕ?» አለ ይድነቃቸው። «መኪናም አላት እንዴ?»

«አቦ አንተ ደግሞ! ከክሮቹ ሥር ያለችው፣ ይቺ! ድምፅ ለቅማ የምታነሳው እሷ ናት። ሆዷ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠቅልሏል፣ እሱ ተበጥሷል።» ይህን ብሎ ዞር አለና ከግድግዳው ላይ አንዲት ጊታር አወረደ። ቀይ። ደረቷ ላይ ነጭ ሳህን። ከካርቶን የወጣች፣ የምታብረቀርቅ። «ለምን ትለፊያለሽ? ይኸው፣ ቁርጥ እሷን! የድሮዋን አይተው፣ የድሮዋን አስመስለው ነው የሠሯት። በይ ቁርጡን ንገሪኝ፤ አሮጌዋን ታድሻለሽ ወይስ ቁርጧን ትወስጃለሽ?»

መታ አደረጋት። ጥርት ያለ ድምፅ! ቤዛ ልቧ ተንሸራተተ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ወዲያው ለአባቷ ደወለች። «አባዬ፣ ቁርጥ እሷን አገኘሁ! ቀይ ናት! ነጭ ሳህንም አላት!»

«በሰው ልጅ ሰርግ በዋናዋ ተጫውቼ፣ በልጄ ሰርግ በቁርጧ? አልጫወትም!» ጠቅ፣ ስልኩ ተዘጋ።

«ትታደሳለች» አለች ቤዛ። «ማን ነው የሚያድሳት?»

«እሱን ጠቅላዩ ብቻ ነው የሚችለው።»

«ለጊታር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልሂድልህ?»

«አብዱረዛቅን ነው የምልሽ! የሞተር ሽቦ የሚጠቀልለውን! ከሱ በላይ ጠቅላይ አለ?»

በባጃጅ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፒካፗን በእጇ ይዛ፣ አብዱረዛቅ ጋ። አብዱረዛቅ የተቃጠለ የፓምፕ ሞተርና የቬንትሌተር ሞተር እንደገና የሚጠቀልል ሰው ነው፤ ሱቁ ከላይ እስከ ታች መዳብ ነው። ቤዛ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«አብዱረዛቅ፣ ጠቅልልልኝ! ጠቅላይ ካልጠቀለለ ጊታሯ አትጮህም፣ ጊታሯ ካልጮኸች አባቴ አይጫወትም፣ አባቴ ካልተጫወተ እኔ ሙሽራ ሆኜ ከቤት አልወጣም!»

«አሁን ታዲያ የት ነሽ?» አለ አብዱረዛቅ።

«አቦ አትቀልድ!»

«ወላሂ አልቀልድም። ሽቦው አለኝ፣ እጁም አለኝ። የመጠቅለያዬ ቺንጋ ግን ተበጥሷል። ያለ ቺንጋ መንኮራኩሩ አይዞርም። በእጄ ልጠቅልልልሽ ብል ለልጅሽ ሰርግ ነው የሚደርስልሽ። አልጠቀልልም። የቆዳ ቺንጋ አሰፍተሽ ካመጣሽ ግን ዛሬውኑ እጀምራለሁ።»

ይድነቃቸው ሰዓቱን አየና «ቤዚ፣ ቁርጧን እንግዛና እንገላገል?» አላት።

«አቦ ቆይ!»

በባጃጅ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማ ሰፊው ጋሽ መርጋ ጋ። ጋሽ መርጋ ዛፍ ሥር ነው የሚሰፋው፤ ዛሬ ግን ወስፌውን አስቀምጦ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ጋሽ መርጋ፣ ቺንጋ ስፋልኝ! ቺንጋ ካልተሰፋ ጠቅላይ አይጠቀልልም፣ ጠቅላይ ካልጠቀለለ ጊታሯ አትጮህም፣ ጊታሯ ካልጮኸች አባቴ አይጫወትም፣ አባቴ ካልተጫወተ እኔ ሙሽራ ሆኜ ከቤት አልወጣም!»

(ስፋልኝ አለችው ብላችሁ አትደንግጡ። ድሬ ላይ አንቱ ብትል «ማንን ነው?» ብለው ከኋላቸው ዞረው ያያሉ። ጋሼም አንተ ነው።)

«አልሰፋም» አለ ጋሽ መርጋ። «በምን ልስፋ? በሰም ያሸሁትን ክር ፍየል በላችው። ጠቅልላ፣ ጠቅልላ! ጠቅላይ ከፈለግሽ እሷን ጥሪያት።»

«ሌላ ክር ግዛ!»

«ገዛሁ። እሱንም በላች። የአዴ ሙና ፍየል ናት፣ ያቺ ሱልጣና። ምን እንደነካት እንጃ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አብዳለች። እሷ ሳትታሰር ክር አልገዛም። ቆዳው ይኸውልሽ፣ እጄም ይኸውልሽ፣ ፍየል ግን አልቀልብም!»

«ቤዚ፣ ቁርጧን እንግዛና እንገላገል?»

«አቦ ቆይ አልኩህ!»

ጋሽ መርጋ ሳቀ። «ግትርነቷ ቁርጥ አባቷን» አለ። እውነቱን ነው። ቤዛ ከግንባሯ እስከ አረማመዷ ቁርጥ አባቷን ናት፤ የሰፈር ሰው ሁሉ ይላታል።

በባጃጅ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ አዴ ሙና ጋ። አዴ ሙና ባልቴት ናት፣ ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አልደከመም። በሩ ላይ ተቀምጣ የተበላ ሻሿን ታያለች። ግማሹ የለም።

«አዴ ሙና፣ ሱልጣናን እሰሪያት! ፍየል ካልታሰረች ክር አይተርፍም፣ ክር ካልተረፈ ቺንጋ አይሰፋም፣ ቺንጋ ካልተሰፋ ጠቅላይ አይጠቀልልም፣ ጠቅላይ ካልጠቀለለ ጊታሯ አትጮህም፣ ጊታሯ ካልጮኸች አባቴ አይጫወትም፣ አባቴ ካልተጫወተ እኔ ሙሽራ ሆኜ ከቤት አልወጣም!»

«ኧረ ትንፋሽሽን ያዢ! አላስርም። ባስራት ገመዱን ትበላዋለች። ሐራራ ይዟታል።»

«ፍየል? ሐራራ?»

«ምን ይገርምሻል? ይቺ ፍየል ዕድሜዋን ሙሉ ገራባ በልታ ያደገች ናት። ወንዶቹ ከጫቱ ለጋ ለጋውን ቀንጥበው የተረፋቸውን፣ ያንን ነው የለመደችው። ከሰዓት በኋላ ገራባዋ ይመጣላታል፣ እሱን ትበላለች፣ ከዚያ ጥላ ሥር ጋደም ብላ ዓለምን ታስባለች። መታሰርም አያስፈልጋትም! አሁን ገራባው ቀረ። ክር አይቀራት፣ ካርቶን አይቀራት፣ ይኸው የራሴን ሻሽ! ገራባ አምጪልኝ፣ እኔ አስራታለሁ።»

ሱልጣና በዚህ መሃል የባጃጁን መቀመጫ ጠርዝ ትቀምሳለች። ይድነቃቸው «ሂጅ! ሂጅ!» እያለ ይዞራታል። እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ያቺ ፍየል የሚያስፈራ ዓይን ነበር ያላት።

«ገራባ ገበያ ሙሉ አይደለም እንዴ?» አለ ይድነቃቸው።

«አትበላማ! ሞክሬ ነው። የለመደችው የአንድ ቤት ነው፣ ከዚያ ቤት ካልሆነ አፏን አትከፍትም።»

«የማን ቤት ነው?» አለች ቤዛ።

አዴ ሙና ትክ ብላ አየቻት። «የማን? ትቀልጃለሽ እንዴ? የናንተ ነዋ! የአባትሽ በርጫ ገራባ ነው! በሩን ዘግቶ ጓደኞቹን ከመለሰ ወዲህ ይቺ ፍየል መቼ ሰላም አየች?»

ያ ረቢ! ቤዛ ባጃጁንም አልጠበቀችም፣ በእግሯ ነው የሮጠችው። ሙሽራ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ፣ ሂናዋ እጇ ላይ ደምቆ! «ሙሽራዋ አበደች» ያለም ነበር።

አባቷ ግቢው መሃል ቆሟል። ቆሟል ስላችሁ፣ እውነትም አልተቀመጠም።

«አባዬ፣ ተቀመጥ! አንተ ካልተቀመጥክ ገራባ አይኖርም፣ ገራባ ከሌለ ሱልጣናን ሐራራ አይለቃትም፣ ሐራራ ካልለቀቃት አትታሰርም፣ ፍየል ካልታሰረች ክር አይተርፍም፣ ክር ካልተረፈ ቺንጋ አይሰፋም፣ ቺንጋ ካልተሰፋ ጠቅላይ አይጠቀልልም፣ ጠቅላይ ካልጠቀለለ ጊታሯ አትጮህም፣ ጊታሯ ካልጮኸች...»

እዚህ ላይ ቆመች።

«ጊታሯ ካልጮኸች አልቀመጥም!» አለ ጋሽ ኢሳያስ። «ጊታር ሳይጮህ እዚህ ቤት ሰው አይቀመጥም ብያለሁ፤ ብያለሁ!» ብሎ ገባ። ቁርጥ ልጁን። በሩንም እንደሷ ነው የሚዘጋው።

በሉ እንግዲህ፣ አያችሁት ነገሩን? ዞሮ ዞሮ ከቤቷ። ጫፉን የያዘች መስሏት ስትጎትት የራሷን ቀሚስ ነው የያዘችው። ቤዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ለጊታር አይደለም ያለቀሰችው። አንድ ሰው ለሰው ልጅ ሁሉ ተጫውቶ ተጫውቶ ለገዛ ልጁ ሲደርስ እጁ ባዶ ሲቀር፣ እሱን አይታ ነው ያለቀሰችው። በሩን ከመዝጋቱ በፊት ዓይኑን አይታዋለች።

ይድነቃቸው ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ያንኑ አለ። «ቤዚ... ቁርጧን እንግዛና እንገላገል?»

አሁን «አቦ ቆይ» አላለችም። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ምን ብሎ ነበር አባዬ? ቃሉን ንገረኝ።»

«ጊታር ሳይጮህ ሰው አይቀመጥም ነው ያለው።»

«ጊታር ነው ያለው አይደል? የኔ ጊታር አለ?»

«አላለም።»

«ቀይዋ ጊታር አለ?»

«አላለም...» ይድነቃቸው ከደረጃው ዘሎ ተነሳ። «አላለም እኮ! የትኛዋ ጊታር አላለም!»

ባጃጁ በሁለት ጎማ ነው የታጠፈችው። ሙክታር ገና ሲያያቸው «እህሳ፣ ቁርጡ ታወቀ?» አላቸው። «ቁርጥ ነው!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ቁርጧን ገዝተው ከግድግዳው አወረዷት፣ ማጉያ ተዋሱ፣ ተመለሱ።

ጊዜው የበርጫ ሰዓት ነው። የጋሽ ኢሳያስ ጓደኞች ተስፋ አልቆረጡም፤ አጥሩ ጥግ ጥላ ፍለጋ ተደርድረው ቆመዋል፣ ጫታቸው በብብታቸው እየጠወለገ። ቤዛ አባቷ መስኮት ሥር ተቀመጠች። የምታውቀው ዜማ አንድ ብቻ ነው፤ ልጅ ሆና ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጣቷን ይዞ ያስተማራት፣ ስም የሌለው፣ የሱ የራሱ። ክሮቹን በገመተችው ቃኘቻቸው። ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። መታች።

አቤት ጩኸት! እርግቦቹ ከጣራው ተነሱ። እናቷ ከማጀት «ምን ወደቀ?» አለች።

መስኮቱ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ጋሽ ኢሳያስ ነው፣ ፊቱ ሁሉ በርቷል። «ጮኸች! ልጄ፣ ጮኸች እኮ!» አለ። ወዲያው ጆሮውን አዘነበለ። «ቆይ... ይቺ የኔ አይደለችም።»

«አይደለችም» አለች ቤዛ፣ መምታቷን ሳታቆም። «ግን ጊታር ጮኸ። ተቀመጥ!»

«በዚህ ቅኝት? ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች እኮ!»

«አልወረደችም!»

«ወርዳለች! ኧረ የሰው ያለህ! ጭኔ ላይ አስቀምጬ አስተምሬሽ... ኧረ ተይ ያን ጣትሽን... ኧረ በሕግ አምላክ! ስጪኝ ወዲህ!» ወጥቶ ከእጇ ነጠቃት። ግን ጊታር ቆሞ እንዴት ይቃኛል? ሳያውቀው ወደ በርጫው ቤት ገባ፣ ሳያውቀው ፍራሹ ላይ ጉልበቱን አጠፈ፣ ጊታሯን ታፋው ላይ አደረገ።

«ተቀመጠ!» ብሎ ጮኸ ይድነቃቸው በመስኮት። «ተቀመጠላችሁ!»

ጓደኞቹ በር አላንኳኩም። ገቡ።

ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ! ጋሽ ኢሳያስ ተቀመጠ፣ እሱ ሲቀመጥ ጓደኞቹ ተቀመጡ፣ ጓደኞቹ ሲቀመጡ ገራባው ተከመረ፣ ገራባው ሲከመር ሱልጣና በላች፣ ስትበላ ሐራራው ለቀቃት፣ ሲለቃት ጋደም አለች፣ ጋደም ስትል አዴ ሙና አሰረቻት፣ ስትታሰር ክሩ ተረፈ፣ ክሩ ሲተርፍ ጋሽ መርጋ ቺንጋውን ሰፋ፣ ቺንጋው ሲሰፋ መንኮራኩሩ ዞረ፣ መንኮራኩሩ ሲዞር ጠቅላዩ ጠቀለለ፣ ጠቅልሎ ጠቅልሎ ቅዳሜ ከሰዓት ፒካፗን በጥጥ አድርጎ በደረት ኪሱ ይዞ መጣ። «ይኸው ፒካፕህ» አለው ይድነቃቸውን፣ «መንጃ ፈቃድ አያስፈልጋትም።»

ጋሽ ኢሳያስ ግን በእነዚያ ቀናት ሁሉ አዲሷን ከእጁ አላወረዳትም። ይነጫነጭባታል፣ ይመታታል። «ድምፅዋ መጥፎ አይደለም» ይላል። «ጥርት ያለ ነው። ግን ምንም አላየችም። አንድ ሰርግ እንኳን አላየችም።»

እሑድ ሆነ። ግቢው በሰው ተሞላ፣ ሚዜዎቹ ጭብጨባውን አቀለጡት፣ ቤዛ ቬሏን ለብሳ ከበሩ ጀርባ ቆመች። ቃሏ ቃል ነው፣ አልወጣም አለች። ጋሽ ኢሳያስ፣ ሙክታር ፒካፗን የገጠመላትን ቀይዋን፣ ዋናዋን፣ ከሳጥኑ አወጣት። ገመዷን ሰካ። እምምም አለች። ጭብጨባው ቆመ። አብዱረዛቅ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ መርጋ የአዴ ሙናን እጅ ያዘ፣ በኋላ አፈረበት እንጂ። ጋሽ ኢሳያስ ክሯን መታ።

ጮኸች! ጮኸች ወገኖቼ! እንደ ቁርጧ ጥርት ያለች አይደለችም፤ ከእንቅልፉ እንደተነሳ ሰው ትንሽ ሻከር ትላለች። እሱ ነው ደስ ያለኝ እኔን። የሰርግ ዘፈን አልተጫወተም፣ ያንን ስም የሌለውን ዜማ ነው የተጫወተው። በሩ ተከፈተ፣ ቤዛ ወጣች፣ እናቷ እልል አለች፣ ሰፈሩ እልል አለ። አባትየው ወደ ኋላ እየተራመደ እየመታ፣ ልጅቷ እየሳቀች እያለቀሰች፣ አበባ እስከለበሰችው ባጃጅ ድረስ እንዲህ ሸኛት።

እዚያ ሲደርሱ ጊታሯን ወደ ሳጥኗ መለሳትና ሳጥኑን ባጃጁ ውስጥ አስገባው።

«አባዬ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ዋናዋን አንቺ ውሰጃት። ለእኔ ቁርጧ ትበቃኛለች።»

ቤዛ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ፣ ቁርጥህ እኮ እየሄደች ነው» አለችው።

ጋሽ ኢሳያስ የቬሏን ጫፍ ከመሬት ሰበሰበላት። «ሂጂ አቦ፣ ሙሽራ ደጅ አይቆምም» ብሏት ዞር አለ።

ባጃጁ ደቻቱን እስኪሻገር ድረስ በርጫው ቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጦ በአዲሷ ጊታር ያችኑ ዜማ ሲመታ ሰማነው። ጓደኞቹም ሰሙ፣ ማንም ግን አላረመውም። ሦስተኛዋን ክር ዝቅ አድርጓት ነበር፤ ልክ ልጁ እንደቃኘቻት።

ተረቴን መልሱ፣ ገራባውን ለሱልጣና አድርሱ።